ቀን የተመሰገነ ልጅ ማታ ለምን ያስቸግራል?

ልጁ ቀን ትምህርት ቤት ሲመሰገን ይውልና ማታ ቤቱን ሲያተራምስ ያመሻል። መምህሩ «ተሻሽሏል፤ አሁን ተቀምጦ ይጽፋል» ብለው ይልካሉ። አያት ደግሞ «ይህ ክኒን ልጄን አሳበደብኝ፤ ይቅርበት» ይላሉ። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። መምህሩ የሚያዩት መድኃኒቱ በልጁ ሰውነት ውስጥ የሚሠራበትን ሰዓት ነው፤ አያት የሚያዩት ደግሞ መድኃኒቱ የሚለቅበትን።

ውድ የዚህ አምድ ተከታታዮች፣ የዛሬው ጽሑፍ መድኃኒቱ ስለሚለቅበት ስለዚያ ሰዓት ነው። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር፣ በተለምዶ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ያለባቸውና አነቃቂ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ልጆች፣ የዕለቱ መድኃኒት ሲያልቅ ጠባያቸው ድንገት ይለወጣል። ባለሙያዎች ይህንን ሪባውንድ ይሉታል። ለቃሉ የሚቀርበው አማርኛ «ግርሻ» ነውና እኛም የማታ ግርሻ እንበለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጊዜው አጭር ቢሆንም በእሱ ምክንያት መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ የሚያቋርጥ፣ አንድ ክኒን የሚጨምር፣ አለዚያም ልጁን የሚገርፍ ቤተሰብ አለ። ሦስቱም ልጁን ይጎዳሉ። ሰዓቱ ከታወቀ ግን መላ አለው።

በመጀመሪያ ችግሩን እንወቅ

ኤዲኤችዲ ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ችግር ነው። ልጁ ትኩረቱን በአንድ ነገር ላይ ማቆየት ያቅተዋል፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ እርሳስና ደብተር ይጥላል። ተራ መጠበቅ ይከብደዋል፤ ሳያስብ ይናገራል፣ ሳያይ ይሮጣል። በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው ይገመታል። ወንዶች ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። ሴቶች ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ሳይሮጡና ሳይጮኹ ሐሳባቸው በዝምታ ስለሚሸሽ፣ «ሰነፍ ናት» እየተባሉ ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ።

ችግሩ ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም። በዘር የመውረስ ዝንባሌው ከፍተኛ ነው። አባት «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ» ቢል አይገርምም። በሌላ በኩል፣ የሚሯሯጥ ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት አይደለም። ሐኪም ይህን ስም የሚሰጠው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታዩና የልጁን ኑሮ የሚያሰናክሉ ሲሆኑ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ ከመድኃኒት በፊት የሚቀድመው ወላጆችን ስለ አያያዝ ማሠልጠን ነው።

መድኃኒቱ ሰዓት አለው

አነቃቂ መድኃኒቶች ለሕፃናት መሰጠት የጀመሩት በአጋጣሚ ነበር። ቻርልስ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሮድ አይላንድ ግዛት ከባድ የጠባይ ችግር ያለባቸው ልጆች የሚታከሙበትን ሆስፒታል ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ ቤንዘድሪን የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት ለ30 ልጆች ሰጥቶ ያየውን ገለጠ፤ 14ቱ በትምህርታቸው ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አምጥተው ነበር። ለዛሬው ርዕሳችን የሚጠቅመን ግን ሌላው የታዘበው ነገር ነው። ለውጡ መድኃኒቱ በተጀመረበት ቀን ይታያል፤ መድኃኒቱ በቆመበት ቀን ይጠፋል።

ዛሬ በዓለም ላይ ለኤዲኤችዲ በሰፊው የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት በስዊዘርላንድ ሠራው። ሪታሊን የሚለው የንግድ ስሙም ሪታ ከምትባለው ሚስቱ ስም የተወሰደ ነው። ይህ መድኃኒት ትኩረትንና ራስን መግታትን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገሮች ቶሎ እንዳይወገዱ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ልጁ ለማሰብና ራሱን ለመግታት ፋታ ያገኛል።

እንደ ብራድሊው መድኃኒት ሁሉ፣ ሜቲልፌኒዴትም የሚሠራው በሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት አወሳሰድ አለው።

አጭር ጊዜ የሚሠራው ክኒን በተዋጠ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሥራ ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይሠራል። ጠዋት 1 ሰዓት የተዋጠ ክኒን 5 ሰዓት ላይ ኃይሉ አልቋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይታዘዛል።

ረጅም ጊዜ የሚሠራው ደግሞ መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚለቅ ነው። እንደ ዓይነቱ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። ጠዋት 1 ሰዓት የተዋጠ ከሆነ የሚያልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን ዓይነቱን ክኒን መስበር፣ መፍጨት ወይም ማኘክ ፈጽሞ አይገባም። ቀስ ብሎ ሊለቅ የሚገባው የቀኑ ሙሉ መጠን በአንድ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል።

አመሻሹ በአንድ ቤት

ከባሕር ዳር መሐል ወጣ ብላ ከምትገኘው ሰባታሚት አንድ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። እናት ሥራዋ ከተማ ነው፤ አመሻሽ ላይ በባጃጅ ትመለሳለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚቀበሉት አያቱ ናቸው። ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ክኒን ጠዋት 1 ሰዓት ውጧል። ምሳው ከነሳህኑ ተመልሷል፤ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋልና። 11 ሰዓት ላይ መድኃኒቱ መልቀቅ ይጀምራል። በዚያው ሰዓት ልጁ ርቦታል፤ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲገታ ውሎ ደክሞታል፤ ታናሽ እህቱ ኳሱን ነክታበታለች፤ አያቱ «የቤት ሥራህን አምጣ» ብለውታል። አራቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲገጥሙት ይፈነዳል።

ግርሻው በእያንዳንዱ ልጅ ላይ መልኩ ይለያያል። አንዱ ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ሌላው ይሳደባል፣ ዕቃ ይወረውራል። ሌላው ከወትሮው በበለጠ ይሮጣል፣ ያወራል፣ አልጋ ላይ ይዘላል። ሁሉም ልጅ ደግሞ አይገጥመውም፤ መድኃኒቱ ሲለቅ ምንም ለውጥ የማይታይባቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

ግርሻ ሲባል ሕመሙ ባሰበት ማለት አይደለም። መድኃኒቱ አልሠራም ማለትም አይደለም። እንዲያውም ቀን ሲሠራ ስለዋለ ነው ማታ ሲለቅ ልዩነቱ የሚታየው። የሚለይበትም ምልክት ይኸው ነው፤ ሰዓት ጠብቆ ይመጣል፣ ሰዓት ጠብቆ ይሄዳል።

ግርሻ ነው ወይስ ሌላ?

የማታ ቁጣ ሁሉ ግርሻ አይደለም። ለመለየት አንድ ደብተርና አንድ ሰዓት በቂ ናቸው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ ክኒን 1:00፤ ቁርስ በልቷል፤ ምሳ ግማሽ፤ መምህር ደህና ዋለ ብለዋል፤ ቁጣ የጀመረው 11:20፤ ያበቃው 12:10፤ እንቅልፍ 3:30። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይመልከቱት። ቁጣው በየቀኑ ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ከተመሳሳይ ሰዓት ቆይታ የሚመጣ ከሆነ ግርሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥሩ ማረጋገጫ የሚሆነው የእረፍት ቀን ነው። ቅዳሜ ልጁ አርፍዶ ተነሥቶ ክኒኑን በ1 ሰዓት ፈንታ በ2 ሰዓት ከወሰደ፣ ቁጣውም በአንድ ሰዓት ይገፋል። ቁጣው ከክኒኑ ጋር ካልተንቀሳቀሰ ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትምህርት ቤት የሚደርስበት መገፋት፣ በቤት ውስጥ ያለ ጠብ ሊሆን ይችላል።

ልጁ ክኒኑን ከዋጠ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም መድኃኒቱ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ጊዜ፣ ፈዞ የሚቀመጥ፣ የሚያለቅስ ወይም «ዝም አለ፤ ሳቁ ጠፋ» የሚባል ከሆነ ይህ ግርሻ አይደለም። መጠኑ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪም ይንገሩ። ቀኑን ሙሉ ምንም ለውጥ ከሌለ ደግሞ መጠኑ አንሶ ወይም መድኃኒቱ አልተስማማው ይሆናል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ያብሉት። ቁርሱን ከክኒኑ በፊት ወይም አብሮ ይብላ፤ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ፍርፍር፣ ወተት፣ ያገኙትን ጠንከር ያለ ምግብ ይስጡት፤ ምሳውን ላይበላ ይችላልና። ግርሻው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ደግሞ መክሰስ ያቅርቡለት። በሶ፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ጥሩ ናቸው። «እራት ይደርሳል፣ ጠብቅ» አይበሉት። ማታ 2 ሰዓት ላይ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ ሁለተኛ እራት ቢጠይቅም አይከልክሉት፤ የምሳውን እየተካ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚያ ሰዓት አይጠይቁት። የቤት ሥራ፣ የልብስ ማጠፍ፣ የፈተና ውጤት ጥያቄ፣ የወንድምና የእህት ክርክር ሁሉ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ይሁን። ረጅም ጊዜ የሚሠራ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ መድኃኒቱ ገና አለና የቤት ሥራውን ያኔ ይጨርስ። በፈረቃ የሚማርና ከሰዓት በኋላ የሚገባ ልጅ ከሆነ ደግሞ የቤት ሥራው ጠዋት ቢሆን ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ። ኳስ ይጫወት፣ ከአያቱ ጋር ሱቅ ደርሶ ይምጣ፣ ውኃ ይቅዳ፣ ጥጃ ያስገባ። ሌላው ልጅ ደግሞ ጸጥታ ይሻለዋል፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል፣ ሙቅ ውኃ፣ መሳል፣ ከበግ ግልገል ጋር መቀመጥ። ልጅዎ የትኛው እንደሚስማማው ደብተሩ ይነግርዎታል። በሐይቁ ዳርና በዓባይ አቅራቢያ የምትኖሩ ቤተሰቦች ግን በዚህ ሰዓት ልጁን ወደ ውኃው ብቻውን አትስደዱት። ጉማሬ ከውኃ ወጥቶ ለግጦሽ የሚሰማራው አመሻሹ ላይ ነው፤ ራሱን መግታት ያቃተው ልጅ ደግሞ ሳያይ ይሮጣል። የባጃጅና የመኪና መንገድም እንዲሁ ነው።

አራተኛ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። በግርሻ ሰዓት ረጅም ምክር አይሰማም። «ተናደሃል፣ አውቃለሁ። ና፣ ውኃ ጠጣ» ይበቃል። ቢመታ ወይም ቢወረውር ታናናሾቹን ከአጠገቡ ያርቁ፤ ስለታም ነገርና የፈላ ጀበና ከእጁ ያርቁ። ስለ ጥፋቱ የሚነጋገሩት ሲበርድለት ነው። ያኔ የሰበረውን ይልቀም፣ የሰደበውን ይቅርታ ይጠይቅ። ግርሻ ነውና ጥፋቱ ይታለፍለት ማለት አይደለም፤ ጥፋቱ ሊሰማው በሚችልበት ሰዓት ይነገረው ማለት ነው።

አምስተኛ፣ እንቅልፉን ይጠብቁ። ከ10 ሰዓት በኋላ ቡና፣ ሻይና ኮካ አይጠጣ። ብዙ ቤት ውስጥ ልጅ ከአያቱ ስኒ ቡና መቅመስ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ይቅርበት። ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይጥፉ። ሁልጊዜም በአንድ ሰዓት ይተኛ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግስቱ ማታ ግርሻው ይብስበታል።

የእኛ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት

ሜቲልፌኒዴት በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልጁን ለክረምት እረፍት ወደ አያቶቹ ሲልክ መድኃኒቱ አብሮት ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ ወረቀት «8 ኤኤም» የሚል ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። አያት 8 ቁጥርን አይተው ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሰጡት፣ ለ12 ሰዓት የሚሠራው መድኃኒት ልጁን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል፤ ጠዋት ትምህርት ላይ ደግሞ ምንም መድኃኒት አይኖረውም። ወላጆች ሆይ፣ መድኃኒቱን ስትልኩ በአማርኛ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር» ብላችሁ በካርቶኑ ላይ ጻፉ። አያቶችም ጥርጣሬ ካለ ደውለው ሳይጠይቁ አይስጡ።

ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ከአገር ወደ አገር ሲያልፍ ከዋናው ካርቶኑ ሳይወጣና የሐኪም ማዘዣው አብሮት ሆኖ መሆን አለበት። በመንገደኛ እጅ በላስቲክ ጠቅልሎ መላክ ለተላላኪውም ችግር ያመጣል። ለአንድ ልጅ የታዘዘውን ለሌላ ልጅ ማካፈልም አይገባም። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ደብተሩን ይዘው ሲሄዱ ሐኪሙ የሚሠራበት ነገር ያገኛል። ከሚያስባቸው መንገዶች ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው። አጭሩን መድኃኒት ረጅም ጊዜ በሚሠራው ይለውጣል። ወይም መድኃኒቱ ከማለቁ ትንሽ ቀደም ብሎ አነስተኛ መጠን ያለው አጭር ክኒን ይጨምራል፤ እንዲህ ሲሆን ቁልቁለቱ ቀስ ያለ ይሆናል። ወይም የሰዓቱን አከፋፈል ያስተካክላል። ወይም መጠኑን ይቀንሳል። እነዚህ ካልሆኑለት ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል።

ለምሳሌ አቶሞክሴቲን የሚባለው አነቃቂ ያልሆነ መድኃኒት ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ በየቀኑ የሚለቅበት ሰዓት የለውም። ሆኖም ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ክሎኒዲን ደግሞ ለአንዳንድ ልጆች ማታ ይታዘዛል። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ የደም ግፊት በድንገት ከፍ እንዲል ያደርጋል። ስለዚህ ልጅዎ የሚወስደው የትኛው እንደሆነ በስሙ ይወቁት። «ያ ነጩ ክኒን» ማለት አይበቃም።

ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ ማድረግ የሌለበትም አለ። ማታ ሲያስቸግር አንድ ክኒን ደርበው አይስጡ፤ ግርሻውን ለአንድ ሰዓት ገፍተው እንቅልፉን ሙሉ ሌሊት ያሳጡታል። ጠዋት የተረሳውን ከሰዓት በኋላ አይስጡ፤ ያ ቀን ይለፍ፣ ነገም እጥፍ አይሰጥ። ከፍ ያሉ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ጫትን አይርሱ። ጫትም አነቃቂ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ሲደረብ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ሲለቅም የድብርቱ ቁልቁለት እጥፍ ይሆናል።

በየቀጠሮው የልጁ የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካ። ቢያንስ በየ6 ወሩ ቁመቱና ክብደቱ ይመዝገብ፤ መድኃኒቱ በምግብ ፍላጎት በኩል እድገቱን ሊያዘገይ ይችላልና። ማንም ሳይለካው የሚወጣ ከሆነ «እባክዎ ይለኩልኝ» ማለት መብትዎ ነው።

ጸበልና ጾም

በእኛ አካባቢ አመሻሽ ላይ የሚነሣ ቁጣ በቀላሉ «ልክፍት» ይባላል። ልጁ ቀን ደህና ውሎ ጀንበር ስትጠልቅ መለወጡ ለዚህ ግምት ይመቻል። የሚመጣበትን ሰዓት ያመጣው ግን ጠዋት የተዋጠው ክኒን ነው፤ ክኒኑ በአንድ ሰዓት ሲዘገይ ቁጣውም አብሮት መዘግየቱ ይህንን ያሳያል።

ወደ ጸበል መሄድ የሚፈልግ ቤተሰብ መድኃኒቱን መተው የለበትም። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል። ለዚህም ልጅ ምክሩ ያው ነው። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለሆነ ክኒኑ ከጸበል መልስ ከቁርስ ጋር ይሰጥ። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ከሆነና ከረፈደ ግን ያ ቀን ቢታለፍ ይሻላል። ክኒኑን ውጦ ካስመለሰም ሁለተኛ አይስጡት።

ጾምን በተመለከተ፣ ይህ ልጅ ምሳውን መድኃኒቱ ራሱ ያስቀርበታል። ቁርሱንም ጾም ካስቀረበት ማታ ግርሻው በባዶ ሆድ ያገኘዋል። ሕመምተኛ ልጅን ስለማስጾም ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ። በሙስሊም ቤተሰቦችም ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰ ልጅ በረመዳን የመጾም ግዴታ የለበትም።

ለአያቶች

በብዙ ቤት የአመሻሹን ሰዓት የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ልጁን በመልካም ሰዓቱ ሳይሆን በከባድ ሰዓቱ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ «ክኒኑ አሳበደው» ስትሉ ሐሰት አትናገሩም፤ የቀረው ግማሽ ግን መምህሩ ጋ አለ። እናንተ ሰዓቱን ጻፉ፣ መምህሩ የክፍሉን ይንገሩ፣ እናት ሌሊቱን ትጨምር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የሦስቱ ምስክርነት በአንድ ደብተር ሲገናኝ ሐኪሙ የልጁን ሙሉ ቀን ያያል።

አለንጋ፣ ማንበርከክና በበርበሬ ማጠን በዚህ ሰዓት ምንም አያስተምሩም። ጭሱ ደረቱንና ዓይኑን ይጎዳል፤ ፍርሃቱ ደግሞ በነገው ግርሻ ላይ ይደመራል። ልጁ ራሱ በሚያደርገው እንደሚያፍር አትርሱ። ሲበርድለት መጥቶ ጉልበታችሁ ላይ የሚተኛው ለዚህ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚኬድባቸው ምልክቶች

ልጁ ደረቴን አመመኝ ካለ፣ ራሱን ከሳተ፣ ልቡ በጣም ከመታ፤ የሌለ ነገር ካየ ወይም ከሰማ፤ መሞት እፈልጋለሁ ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ፤ ክኒኑን በብዛት ከዋጠ፣ ይህ ግርሻ አይደለም። የማታ ሰዓት እስኪያልፍ አይጠበቅም፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ወዲያውኑ ይሂዱ፤ የመድኃኒቱንም ካርቶን ይያዙ። አዲስ የፊት ወይም የትከሻ መንቀጥቀጥ ከታየበት፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ግርሻው በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ደግሞ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ሐኪሙን ያነጋግሩ።

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ላላችሁ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊጠይቅ ይችላል። የትም ቢሄዱ ሁለት ነገር ይያዙ፤ የመድኃኒቱን ካርቶንና የሁለት ሳምንቱን ደብተር። ደብተሩ ገና ከሌለ ዛሬ ማታ ይጀምሩት። የመጀመሪያው መስመር ልጁ ዛሬ ጠዋት ክኒኑን የዋጠበት ሰዓት ነው።